የአዳኝ ውሻ ጡረታ

አዳኝ ውሻ እግሩ ሲዝል ዕጣው ምንድን ነው? በሆሜር «ኦዲሲ» ውስጥ አርጎስ በጉብዝናው አጋዘንና ጥንቸል ያባርር ነበር። ጌታው 20 ዓመት ሲርቅበት ግን አርጅቶ፣ በተባይ ተወርሮ፣ ፍግ ላይ ተጥሏል። እረኛው ጥፋቱ ጌታ ሲርቅ ሥራቸውን የሚዘነጉት አገልጋዮች ነው ይላል።

ሮማዊው ካቶ ደግሞ ጭካኔውን ደንብ አደረገው፤ በእርሻ መጽሐፉ ያረጀ በሬም ያረጀ ባሪያም እንዲሸጥ መከረ። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ግሪካዊው ፕሉታርክ ሞገተው፦ ደግ ሰው ውሻውን በቡችላነቱ ብቻ ሳይሆን ሲያረጅም ይንከባከበዋል፤ ለእንስሳ መራራት ለሰው መራራትን ያለማምዳል።

የአማርኛው «ጡረታ» የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ አቅም ያጣ ወላጅን ማብላትና መደገፍ ማለት ነው። ፕሉታርክ ላረጀ ውሻ የጠየቀውም ይህንኑ ነበር።