የወለተ ጴጥሮስና የእኅተ ክርስቶስ ባልንጀርነት በአንባቢዎች ፊት

ከጊች ሜዳ ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው የእመት ጎጎ አፋፍ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ከገደሉ በታች ወደ ሰሜን የሚዘረጋው ቆላ ወደ ጸለምት ይወስዳል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ መናኞቹ እህል ትተው ቋርፍ የሚበሉበት የዋልድባ ገዳም ይገኛል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወለተ ጴጥሮስ የተባለች የመሳፍንት ወገን ወደዚህ አገር መጥታ፣ በጸለምት ሕዝቡ የካቶሊክን እምነት እንዳይቀበልና የንጉሡን ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ ሰብካለች። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 ወደ ደባርቅ የተዛወሩት የጊች መንደር ነዋሪዎች ሙስሊሞች ስለነበሩ፣ የእርሷ ገድል የመንደራቸው መጽሐፍ አልነበረም፤ የተጓዘችበት ምድር ግን ከሜዳቸው ሥር ነው።

ገድል ማለት የቅዱሳንን ሕይወትና ተጋድሎ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ይህን ገድል በግዕዝ የጻፈው በ1672፣ ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ታሪኩንም የሰበሰበው እርሷን ከሚያውቁ ደቀ መዛሙርቷ አፍ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ገና ከመጻፉ በፊት እርሷ በመሠረተችው የመናንያን ማኅበር መካከል ሲወራና ሲታወስ የኖረ ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

በገድሉ ታሪክ ውስጥ ክህደት የሚመጣው ከባል ወገን ነው። በ1592 የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል፤ ባሏ መልክአ ክርስቶስ ደግሞ ወደ ካቶሊክ እምነት ያዘነበለው የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። በንጉሡ ላይ ያመፁት አቡነ ስምዖን በ1617 ሲገደሉ የባሏ እጅ እንዳለበትና የጳጳሱ ልብስ ወደ ቤቱ መግባቱን ስትሰማ፣ በአንድ መኝታ መተኛትን ተወች፤ ኋላም በመነኮሳት እርዳታ ኮብልላ መነኮሰች። ከባለቅኔ ይልቅ ለልብ ወለድ ደራሲ የሚመች ነገር ነው፤ የእምነት ጠብ የሚታየው በአዋጅ ሳይሆን በቤት ውስጥ በተገኘ ልብስ ነውና።

እኅተ ክርስቶስም ባልዋን ትታ የመጣች የባላባት ወገን ነበረች። ሁለቱን ያገናኟቸው መነኮሳት ሲሆኑ፣ ገድሉ ገና ሲተያዩ ከልጅነት ጀምሮ እንደሚተዋወቁ ሰዎች ሆነው እንደተዋደዱና ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው አንድ እንደሆነ ይተርካል። ወለተ ጴጥሮስ ለፍርድ ቀርባ ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሊያሳምናት ሞክሮ ሳይሆንለት ሲቀር፣ በምዕራቡ ጠረፍ ወዳለችው ዠበይ ለሦስት ዓመት ተጋዘች፤ ሱስንዮስ በ1632 የካቶሊክ እምነትን ትቶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ካስረከበ በኋላ የማኅበሩ ኑሮ ተደላደለ።

ወደ ገድሉ አንባቢዎች ስንመለስ፣ ገድል በግዕዝ ስለሚነበብ፣ ምእመናን የሚሰሙት በአብዛኛው ካህን እያነበበ በአማርኛ ሲተረጉምላቸው ነው፤ ይህም የሴቶች ትዝታ ሆኖ የተጀመረውን መጽሐፍ ለዘመናት በወንዶች አንደበት እንዲሰማ አድርጎታል። ኮንቲ ሮሲኒ የግዕዙን ጽሑፍ በ1912 ካሳተመ፣ ላንፍራንኮ ሪቺ በጣልያንኛ በ1970 ከተረጎመው በኋላ፣ ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር በ2015 በእንግሊዝኛ ሲያወጡት ግን የአንባቢው ክብ ሰፋ፤ ክርክሩም ጦፈ። ተርጓሚዎቹ በአንዳንድ ምዕራፎች በመነኮሳይያቱ መካከል ሥጋዊ ምኞት ያዩ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አንባቢዎች ደግሞ ይህ የቅድስና ቋንቋ በባዕድ ዓይን መነበቡ ነው ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ የባልንጀርነቱን ስም ለማውጣት ሲጥር፣ የሠራውን ሥራ ግን በቂ ትኩረት አልሰጠውም፤ ሰባት ማኅበራት የተመሠረቱት ሁለቱ ሴቶች በነበሩበት ዘመን ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ስታርፍም እኅተ ክርስቶስ ተተክታ እስከ 1649 ማኅበሩን መርታለች።