ቅኔ ቤትና ፈጣኑ ተማሪ



ልዩ ተሰጥኦ ያለውን ተማሪ በቋንቋ ትምህርት እንዴት እናትጋው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከውጭ እንደ መጣ አዲስ ጉዳይ ይቀርባል። እኔ ግን ጥያቄው በሀገራችን ረጅም ታሪክ እንዳለው፣ ከመልሶቹም አንዱ በቅኔ ቤት ሥርዓት እንደሚገኝ በዚህ ንግግሬ ላሳይ እወዳለሁ።

ቅኔ ቤት ከንባብ ቤትና ከዜማ ቤት የሚለየው በአንድ ዐቢይ ነገር ነው። በእነዚያ ተማሪው የተቀበለውን በቃሉ ይይዛል፤ በቅኔ ቤት ግን ያልነበረውን ይፈጥራል። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ በየራሳቸው ስልት ቢታወቁም በዚህ ሕግ አንድ ናቸው፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይቀርብም። ስለዚህ ትውስታው የበረታ ተማሪ እንኳ በትውስታው ብቻ ተደግፎ ሊያልፍ አይችልም።

የዕለቱ ሥራም ይህንኑ የተከተለ ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይሰማል። ከዚያ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። ሲመለስ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ቤቱ ያልመታ፣ ግሱ የተዛባ፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘ ቅኔ እዚያው ይታረማል።

ደረጃው የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በችሎታ ነው። ጀማሪው ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ 3 ቤቱን ዘአምላኪየና 5 ቤቱን ዋዜማ አልፎ እስከ 8 ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም በፈጣኑ ምክንያት አይባረርም። የበሰለው ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ የሌላውን ስሕተት በማረም የራሱን ዕውቀት ይፈትናል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቅኔ ተማሪ እንደ ነበሩ ስናስታውስ፣ የዚህ ሥልጠና ፍሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም እንደ ተዘረጋ እንረዳለን።

ማሞገስ ብቻ ግን የታሪክ ሥራ አይደለም። ብዙው ተማሪ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ነበር። ለሴቶችም በሩ ጠባብ ነበር፤ በጎጃም የታወቁት ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከቅኔ መምህር አባታቸው የተማሩ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ያልነበራቸው ስንት ሴቶች ተሰጥኦአቸው ሳይታወቅ እንደ ቀረ መገመት አያዳግትም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በሩን ለብዙዎች ከፍቷል፤ ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። በአንጻሩ ሥራውን ቀድሞ የጨረሰው ተማሪ ወይ ተመሳሳይ መልመጃ ይጨመርለታል፣ ወይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተጨማሪ መልመጃ ሥራ ያበዛል እንጂ ሥራውን አያከብደውም።

ከቅኔ ቤት የምወስደው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሕጉን አጥብቀን ይዘቱን ለተማሪው እንተው። ለምሳሌ «ሳለ» የሚለውን ቃል እንስጠው። ሠዓሊው ሥዕል ሳለ፤ ባለቢላዋው ስለቱን ሳለ፤ ጉንፋን የያዘውም ሳለ። ቢያንስ ሁለቱ ፍቺዎች በአንድነት የሚሠሩበት 4 ስንኝ ይጻፍ፤ በጓደኞቹ ፊት ያቅርብ፤ ፍቺውን ያስረዳ፤ ይታረም። ከተሳካለት በማግስቱ ስንኙ 6 ይሁን። በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሌሎች ቋንቋዎቻችንም በየቋንቋው ጠባይ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ለመስማትና ለማረም የተዘጋጀ መምህር ነው፤ እርሱን ማፍራት ደግሞ የእኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ድርሻ ነው።