የከተማ ዛፎች በአዲሱ ገበያ

የከተማ ዛፎች የሚባሉት በመንገድ ዳር፣ በመኖሪያ ግቢ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመናፈሻና ከተማን በሚያዋስን ደን ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። በአዲስ አበባ ለአየር ጥራትና ለጤና የሚሰጡት ጥቅምም ሆነ የጥቅማቸው ወሰን ጎልቶ ከሚታይባቸው ሰፈሮች አንዱ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አዲሱ ገበያ ነው። ከሰፈሩ በላይ የእንጦጦ ተራራ ደን አለ፤ በመሐሉ ደግሞ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና ያልፋል። ዳገቱን የሚወጡ የጭነት መኪኖች ጭስ፣ የታክሲ ጭስና የማገዶ ጭስ እዚህ ይገናኛሉ።

የእንጦጦ ባሕር ዛፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በፍጥነት ተመናመነ። የእንጨት እጥረቱ እየጸና በመሄዱ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባውና መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ግን ሁኔታውን ለወጠው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቁራጭ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ የእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል የከተማዋ ማገዶ ሆኖ ኖሯል። ሸክሙን ከተራራው የሚያወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ በቆመበት ብናኝ የሚይዘው ቅጠል ከምጣድ ሥር ሲነድ ራሱ ብናኝ ይሆናል። የሚጎዳውም በቅድሚያ እንጀራ የምትጋግረውን ሴትና አጠገቧ ያለውን ሕፃን ነው።

ቅጠል አየርን የሚያጠራበት መንገድ

ዛፍ አየርን የሚያጠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቅጠሉ ገጽ ላይ ብናኝን መያዝ ነው። ሸካራ፣ ጠጉራም ወይም ሰም የለበሰ ቅጠል ከለስላሳው ይበልጥ ይይዛል፤ እንደ ጥድ ያሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፉ ዛፎች ደግሞ አቧራ በሚበዛበት በበጋም ሥራቸውን አያቋርጡም። የተያዘው ብናኝ ግን አይጠፋም። ዝናብ ያጥበዋል፣ ከቅጠሉ ጋር ይረግፋል፣ ወይም ነፋስ መልሶ ያነሣዋል። ሁለተኛው መንገድ ቅጠል በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል እንደ ኦዞንና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያሉ ጋዞችን መሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። በአሜሪካ በተደረገ አንድ ሰፊ ጥናት የአገሪቱ ዛፎችና ደኖች በ2010 እ.ኤ.አ. 17.4 ሚሊዮን ቶን የሚያህል በካይ ነገር ከአየር እንዳስወገዱ ተሰልቷል። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም አማካይ የአየር ጥራት የተሻሻለው ከ1 በመቶ ባነሰ ነበር። ስለዚህ ችግኝ መትከል የጭስ ማውጫን ቁጥጥርም ሆነ ንጹሕ ምድጃን አይተካም።

የዛፉ ቦታና ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በሁለት ወገን ሕንፃ በቆመበት ጠባብ መንገድ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የገጠመ የዛፍ አናት የነፋሱን እንቅስቃሴ ገትቶ ጭሱን እታች ሊያስቀረው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ በመኪናና በእግረኛ መካከል የተተከለ ዝቅተኛ የቁጥቋጦ አጥር የተሻለ ይሠራል። ባሕር ዛፍ ደግሞ አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ በብዛት ከሚለቁ ዛፎች አንዱ ነው፤ ይህ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ከመኪና ጭስ ጋር ሲገናኝ ኦዞን እንዲፈጠር ያግዛል።

ለጤና ያላቸው ጥቅም

ለጤና ይበልጥ አደገኛ የሚባለው ፒ.ኤም. 2.5 የተሰኘው ደቃቅ ብናኝ ነው። ከሰው ጠጉር ወደ 30 ጊዜ ያህል ስለሚቀጥን ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የአዲስ አበባ አየር ከዚህ ወሰን በላይ ነው።

ከማጣራት ውጭ ያለው የዛፍ ጥቅም ምናልባት ከማጣራቱ ይበልጣል። ጥላው ቀትርን ያበርዳል፣ ሰውን በእግሩ እንዲሄድ ይጋብዛል፣ ጭንቀትንም ያቀላል። በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ መርምሮ፣ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡና ጠንካራ ማስታገሻም በጥቂቱ እንደወሰዱ አሳይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ የጥንዚዛ ዝርያ ብዙ ዛፎችን በጨረሰባቸው የአሜሪካ አውራጃዎች በልብና በመተንፈሻ አካል ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር ከፍ ማለቱን አመልክቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን በቀጥታ አያረጋግጥም።

አሁን ያለው ሁኔታ

ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከ700 ሄክታር በላይ በሚሸፍን ቦታ ላይ የሚገኘው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር በጋራ የተመሠረተ ሲሆን፣ አገር በቀል ዕፅዋትን ይጠብቃል፣ ያባዛል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም በየክረምቱ ችግኝ መትከልን የተለመደ አድርጎታል። ክረምት ላይ የተተከለ ችግኝ ፈተናው የሚጀምረው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ውሃ የሚያጠጣውና ከከብት የሚከልለው ካላገኘ አንድ በጋ አይሻገርም። እንደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉት አገር በቀሎች ከባሕር ዛፍ ይልቅ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ እንክብካቤ የሚሹበት ጊዜም ይረዝማል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ውስጥ የቆዩት አሮጌ ጥዶችና ወይራዎች ያን ዘመን ያለፉት ስለተጠበቁ ነው።