ከሥጋው ጀርባ ያለው እጅ፦ የምግብ ፋብሪካ ማሽን አጽጂዎች ደኅንነት ታሪክ



የኢንዱስትሪን ታሪክ ስናጠና ዐይናችን ዘወትር የሚያርፈው በሚሠራው ማሽን ላይ ነው። ምርቱ አብቅቶ የውኃ ጎማው ሲዘረጋ ጸሐፊውም ፎቶ አንሺውም ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ዛሬ የምናገረው በዚያ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ስለሚገባው ሠራተኛ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአሜሪካ የሥጋ ማቀነባበሪያዎች የተወሰዱ ናቸው፤ የምግብ ሕጉና የሠራተኛ ሕጉ ጎዳና ለየቅል መሆኑ እዚያ በግልጽ ይታያል።

መነሻዬ ግን ምግብ ሳይሆን ጨርቅ ነው። በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሕፃናት በሚንቀሳቀስ የመፍተያ ማሽን ሥር እየዳኹ የጥጥ ብናኝ ይለቅሙ ነበር። የ1844ቱ የፋብሪካ ሕግ ሕፃናትና ወጣቶች ኃይል አስተላላፊ ክፍሎችን በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ እንዳያጸዱ ከለከለ። ማጽዳት ከማምረት የተለየ አደጋ እንዳለው ሕግ አውጪው ያን ጊዜም ያውቅ ነበር ማለት ነው። አዋቂው ወንድ ግን በክልከላው አልተካተተም።

ወደ ቺካጎ እንሻገር። በ1906 አፕተን ሲንክሌር በከተማዋ ቄራዎች ስለሚሠሩ ስደተኞች የጻፈው ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ደራሲው የሠራተኛውን ስቃይ ሊያሳይ ነበር የተነሣው፤ አንባቢው ግን የተደናገጠው ስለሚበላው ሥጋ ነው። በዚያው ዓመት ጁን 30 ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የሥጋ ቁጥጥር ሕጉን ፈረሙ። እንስሳው ከመታረዱ በፊትና ከታረደ በኋላ ይመርመር፣ ቄራውም ንጹሕ ይሁን ተባለ። ንጹሕ የሚያደርገው ሰው እጅ ምን ይሁን የሚል አንቀጽ አልነበረም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ የተፈረመው በዲሴምበር 1970 ነው፤ ሥጋው ከተጠበቀ ከ64 ዓመት በኋላ!

በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው ክፍተት የጊዜ ብቻ አይደለም። በ1993 በምዕራብ አሜሪካ በተበከለ የተፈጨ ሥጋ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞቱ። በ1996 የወጣው ደንብ እያንዳንዱ ፋብሪካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈጸም የጽዳት ሥርዓት በጽሑፍ እንዲኖረውና በየቀኑ እንዲፈጽመው አስገደደ። ይህን የማነሣው ደንቡን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ለአጽጂው የማይገፋ የንጋት ቀጠሮ ሰጠው። መፍጫው፣ መጋዙና ማጓጓዣው ተፈተው፣ ታጥበውና ተገጥመው መጠበቅ አለባቸው።

አጽጂውን በቀጥታ የሚመለከተው ደንብ በ1989 ወጣ። አደገኛ ኃይልን ስለ መቆለፍ የሚደነግግ ሲሆን፣ ጥገና ሲል ማጽዳትንና የተቀረቀረ ነገር ማውጣትንም ይጨምራል። አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ በደንቡ መሠረት ይጠፋል፤ ከኃይል ምንጩ ይለያል፤ በማቋረጫው ላይ ሠራተኛው የራሱን ጋን ቁልፍ ይሰቅላል። ቀጥሎ በሞላ፣ በታመቀ አየር ወይም በተንጠለጠለ ክብደት ውስጥ የቀረው ኃይል ይለቀቃል። በመጨረሻም የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ አለመነሣቱ ይረጋገጣል። አሥር ሰው ከገባ አሥር ቁልፍ ይሰቀላል፤ እያንዳንዱንም የሚያነሣው የሰቀለው ሰው ነው። ለእኔ የዚህ ደንብ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ማሽኑ መቼ ይነሣ የሚለው ሥልጣን ለጊዜው ከአለቃው ኪስ ወጥቶ በአጽጂው ኪስ ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው ማሽኑ ሳይንቀሳቀስ የማይጸዳ ሲሆን ነው። ማጓጓዣ ቀበቶ ካልዞረ ሁሉም ገጽታው አይታጠብም። ደንቡ በምርት ሂደት ላይ ለሚደረጉ ጥቃቅንና ተደጋጋሚ ሥራዎች፣ ሌላ በቂ መከላከያ ካለ፣ መቆለፍን አያስገድድም። የሌሊቱ ጽዳት ግን ምርት አይደለም። ስለዚህ ሕጉን የተከተለ አጽጂ ያቆማል፣ ይቆልፋል፣ ያጥባል፣ ቁልፉን ያነሣል፣ ሰው መራቁን አይቶ ቀበቶውን ጥቂት ያዞራል፣ እንደገና ይቆልፋል። ሰዓቱን የሚቆጥር ኃላፊ ይህን አይወደውም፤ አጽጂውም ራሱ ይሰለቸዋል። በሚዞር ቀበቶ ላይ ጨርቅ ማሳረፍ ደቂቃዎችን ይቆጥባል።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በ2020 በደቡብ ዳኮታ ሱ ፎልስ ከተማ ስለሚገኝ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተዘጋጀ የመንግሥት ሪፖርት ሠራተኞቹ ወደ 40 በሚጠጉ ቋንቋዎች እንደሚናገሩ መዝግቧል። በዋነኛነት ከተጠቀሱት መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ይገኛሉ። የ1989ኙ ደንብ ማቋረጫው ቁልፍ የሚቀበል ከሆነ ከማስጠንቀቂያ ካርድ ይልቅ ቁልፍን የሚያስቀድመው ለዚህ ተብሎ ባይሆንም፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይጎላል። ካርዱ መነበብ አለበት፤ ቁልፉ ለማያነብም እምቢ ይላል።

የሌሊቱ ጽዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ሠራተኛ ሳይሆን የተቋራጭ ሥራ ነው። ማሽኑ የአንዱ፣ ሠራተኛው የሌላው ይሆናል። በፌብሩዋሪ 2023 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር አንድ የጽዳት ተቋራጭ በ8 ክፍለ ግዛቶች በሚገኙ 13 ፋብሪካዎች ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 102 ልጆችን ማሠራቱንና 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት መክፈሉን አስታወቀ። ልጆቹ በሌሊት ፈረቃ የሥጋ መጋዝ ሲያጥቡ ነበር። የአገሪቱ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ማሽን እንዳያጸዳ በግልጽ ይከለክላል።

ከአምስት ወር በኋላ፣ በጁላይ 2023፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ሃቲስበርግ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ልጅ የዶሮ ሥጋን ከአጥንት የሚለይ ማሽን ሲያጸዳ ማሽኑ ስቦት ሞተ። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ውሳኔ የማሽኑ ኃይል አለመቋረጡንና አለመቆለፉን ገልጾ 212,646 ዶላር ቅጣት አቀረበ። የመቆለፍ ደንቡ ያን ጊዜ ከወጣ 34 ዓመት፣ የእንግሊዙ ክልከላ 179 ዓመት ሆኖት ነበር።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።