ከአሥራ ሁለት ሁለት ሲቀሩ



ማኅበር ሲቋቋም ስለ መግቢያ ክፍያና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ብዙ እንነጋገራለን። ስለ መውጣት ግን ማንም ማንሳት አይፈልግም፤ እንደ ሟርት ይቆጠራል። በሒሳብ ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ጭቅጭቁ የሚበዛው አባል ሲወጣ እንደሆነ ያውቃል። ለዚህ የሚጠቅመን የአንድ ትልቅ ማኅበር ታሪክ አለ፤ እሱም ፓክ 12 የሚባለው የምዕራብ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ኮንፈረንስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንፈረንስ ማለት ኮሌጆች እርስ በርስ ለመወዳደር የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። አባላቱ ከቴሌቪዥን የሚገኘውን ገንዘብም ይካፈላሉ። ፓክ 12 ታሪኩን የሚቆጥረው ከዲሴምበር 1915 ነው። ያኔ በፖርትላንድ ከተማ አራት አባላት ተሰባሰቡ፦ የካሊፎርኒያ፣ የዋሽንግተንና የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም ዛሬ ኦሪገን ስቴት የምንለው የእርሻ ኮሌጅ። ዋሽንግተን ስቴት በ1917 ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

በ1950ዎቹ ለአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች በስውር ገንዘብ ይከፈል እንደነበር ተጋለጠ። ከቅጣቱ በኋላ አባላቱ ተጣሉና ማኅበሩ በ1959 ፈረሰ። አምስቱ በዚያው ዓመት አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ከውጭ ቀሩ። ዋሽንግተን ስቴት የተመለሰው በ1962፣ ኦሪገን ስቴት ደግሞ በ1964 ነበር።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ አደገ። በ1978 አሥር፣ በ2011 አሥራ ሁለት አባላት ሆኑ። የሴቶች ውድድሮችም ከ1986 ጀምሮ በሥሩ ገቡ። አሥራ ሁለት ሲሆኑ የቴሌቪዥኑን ገቢ እኩል ለመካፈል ተስማሙ። ነገር ግን ትልልቅ ገበያ ያላቸው አባላት ሌላ ቦታ የተሻለ ገንዘብ አዩ። በ2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚወጡ አስታወቁ፤ በ2023 ሌሎች ስምንት ተከተሏቸው። በመጨረሻ የቀሩት እነዚያው ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ሆኑ።

በዚህን ጊዜ ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ ሆነ፦ የማኅበሩ ገንዘብ የማን ነው? ወጪዎቹ አሥር፣ ቀሪዎቹ ሁለት ናቸው። ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ ካዝናውን ተካፍለው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ሁለቱን ያዳናቸው የመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ደንቡ የመውጫ ማስታወቂያ የሰጠ አባል በቦርዱ ላይ ያለውን መቀመጫ ያጣል ይላል። በኖቬምበር 2023 የዋሽንግተን ግዛት ዳኛ ለሁለቱ ፈረዱ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላየውም አለ። በኋላ በስምምነት ከወጪዎቹ ድርሻ 65 ሚሊዮን ዶላር ለማኅበሩ ቀረ። ሁለቱ በዚያ አቅም አዳዲስ አባላት ጋበዙ፤ ከ2026 ጀምሮ ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቀላቀሏቸውም ተስማሙ።

እህቶቼ፣ የእኛ ካዝና ትንሽ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው። ልወጣ ነው ያለች እህት በገንዘቡ ላይ እስከ መቼ ድምፅ ትሰጣለች? መዋጮዋስ ይመለሳል? ምን ያህሉ? ደንባችንን ስናሻሽል ይህን ዛሬ፣ ማንም ሳይኮራረፍ፣ እንጻፈው። የሚወጣው ሰው ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ቂም እንጂ ደንብ አይሆንም።