ሳይቸግር ጤፍ ብድር፡- አክሲዮን ተበድሮ መሸጥና ኦፕሽን

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ወዳጆቼ በውጭ ገበያዎች ስለሚሠራባቸው «ሾርት ሴሊንግ» እና «ኦፕሽን» ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው «ምን ያህል ያተርፋል?» ነው። እኔ ግን የሕግ ሰው ነኝና ማንኛውንም ውል የማነበው ከኪሳራው ወገን ጀምሬ ነው።

ለመሆኑ ሾርት ሴሊንግ ምንድን ነው? ጎረቤትዎ አንድ ኩንታል ጤፍ አበደሩዎት እንበል። አዝመራ ሲገባ ይረክሳል፣ ያኔ ገዝቼ እመልሳለሁ ብለው ወዲያው ሸጡት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2471 መሠረት እንዲህ ያለ ብድር ባለቤትነትን ያስተላልፋል፤ የሚመለሰው ግን ያው ዓይነትና ጥራት ያለው ጤፍ ነው። ዋጋው ቢወደድ ጣጣው የእርስዎ ነው። አክሲዮን ተበድሮ መሸጥም ይኸው ነው። በ100 ዩሮ ከሸጡ ትርፍዎ ቢበዛ 100 ዩሮ ነው፤ ኪሳራዎ ግን ጣሪያ የለውም። ዋጋው ሲወጣ ደላላው ተጨማሪ መያዣ ይጠይቃል፤ ካላቀረቡ ራሱ ገዝቶ ሒሳቡን ይዘጋል።

ኦፕሽን ደግሞ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል ነው። የመግዣው «ኮል»፣ የመሸጫው «ፑት» ይባላል። ገዢው መብት እንጂ ግዴታ የለበትም፤ ለውሉ 5 ዩሮ ከከፈለ ቢበዛ የሚያጣው 5 ዩሮ ነው። ይሁንና ዋጋው እንዳሰበው የሄደው ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሆነ ገንዘቡ ቀልጦ ይቀራል። ግዴታው ያለው በሻጩ ላይ ነው። አክሲዮኑ ሳይኖረው በ100 ዩሮ ኮል የሸጠ ሰው፣ ዋጋው 300 ቢደርስ የተቀበለው 5 ዩሮ ተቀንሶ 195 ዩሮ ይከስራል።

ሁለቱ የተጋጩበትን ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ሄጅ ፈንዶች የቮልስዋገን አክሲዮን ይወድቃል ብለው ተበድረው ሸጡ። ኦክቶበር 26 ቀን ፖርሼ 42.6 በመቶውን አክሲዮን እንደያዘ፣ በ31.5 በመቶው ላይም ኦፕሽን እንዳለው አስታወቀ። የኒደርዛክሰን ክፍለ ግዛት 20 በመቶ ያህል ስለነበረው፣ ለገበያ የቀረው 6 በመቶ አይሞላም። ተበድሮ የተሸጠው ግን ከ12 በመቶ በላይ ነበር። 210 ዩሮ አካባቢ የነበረው ዋጋ በሁለት የገበያ ቀናት ከ1,000 ዩሮ አለፈ። በገንዘብ የሚወራረዱ ኦፕሽኖችን ይፋ ማድረግን የጀርመን ሕግ በወቅቱ አያስገድድም ነበርና፣ ሻጮቹ ወጥመዱን አላዩትም። ፖርሼም ቢሆን በዕዳ ተጨንቆ፣ የመኪና ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 በቮልስዋገን ተጠቀለለ።

ተበድሮ መሸጥ ጥቅም የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የከሰረውን የኤንሮንን ሒሳብ ቀድመው ከጠረጠሩት መካከል እንዲህ ያሉ ሻጮች ነበሩ። በእኔ እምነት ግን ዋጋ ይወድቃል ብሎ ለሚያምን ተራ ባለገንዘብ፣ ፑት መግዛት የተሻለ ነው፤ ውድ ቢሆንም የኪሳራው ድንበር ከፊርማው በፊት ይታወቃል። አክሲዮን ተበድሮ መሸጥና ሳይኖር ኮል መሸጥ ግን ድንበር የላቸውም። ኪሳራዬ የት ላይ ይቆማል ለሚለው ጥያቄ በቁጥር መመለስ ካልቻሉ አይፈርሙ። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።