የእርቁ ቀን በሥዕልና በሐውልት

በአርሲ፣ በሄጦሳ ወረዳ፣ አኖሌ ላይ አንድ ሐውልት ቆሟል፤ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። የተመረቀው በ2006 ዓ.ም. ነው። እኛ ኩየራ የምንማር ልጆች የአርሲን እህል የምንበላ ነንና ወሬው በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ሆነን እንጣላለን። አንዱ «የአያቶቼ ደም ነው» ይላል፤ ሌላው «ቂም መዝሪያ ነው» ይላል። ታዲያ ከመጣላታችን በፊት፣ ምን እያየን ነው ብለን ብንጠይቅስ?

የምኒልክ ጦር አርሲን ለማስገበር ለዓመታት ዘመተ። አርሲም በጦርና በጋሻ ጠመንጃን ተቋቋመ። በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ ግን አዙሌ ላይ በራስ ዳርጌ ጦር ተሸነፈ። ከአባት ወደ ልጅ የመጣው የሽማግሎች ቃል እንደሚለው፣ ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ «ኑ፣ እንታረቅ» ተብሎ አኖሌ ተጠራ፤ የመጣውም ወንዱ ቀኝ እጁን፣ ሴቷ ቀኝ ጡቷን ተቆረጡ። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ የቃል ታሪክም ማስረጃ ነው የሚሉም አሉ። ክርክር የሌለበት ነገር ግን አለ። መሬቱ በቃላድ ተለካ፤ ባለመሬቱም ገባር ሆነ። የገባርና የባለመሬት ነገር በሕግ ያከተመው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ፤ ከባሕር ማዶም ብጤው አለ። እ.ኤ.አ. በ1835፣ ዛሬ ሜልቦርን ባለችበት ምድር፣ ጆን ባትማን የሚባል ሰፋሪ ከነባሩ የአቦርጂን ሕዝብ ሽማግሎች ጋር ተዋዋለ። ብርድ ልብስ፣ ቢላዋ፣ መስተዋትና ዱቄት ሰጥቶ 600,000 ኤከር፣ በእኛ ልክ 6,000 ጋሻ ያህል፣ ገዛሁ አለ። ሽማግሎቹ ግን መሬት የሸጡ ሳይሆን፣ በሥርዓታቸው መሠረት እንግዳ በምድራቸው እንዲያርፍ የፈቀዱ መስሏቸው ይሆናል የሚሉ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። የእንግሊዝ ገዥም በዚያው ዓመት መሬቱ የዘውዱ ነው ብሎ ውሉን ሻረው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ጆን ዌስሊ በርት የተባለ ሠዓሊ ያንን ቀን በሰላም የተፈጸመ ውል አድርጎ ሣለው።

እንግዲህ አስተውሉ። በርትም ሆነ የአኖሌው ቀራፂ በቦታው አልነበሩም። ሥዕሉ የሰፋሪው ልጅ አባቱን በደግነት ለማስታወስ የፈለገበት ነው፤ ሐውልቱ የተገባሪው ልጅ ሕመሙን ያስመዘገበበት ነው። ሁለቱም የተሠሩበትን ዘመን ፍላጎት ይናገራሉ። ልዩነታቸው ምንድነው ቢሉ፣ በሥዕሉ ላይ የተሰጠው ብርድ ልብስ ይታያል እንጂ የተወሰደው መሬት አይታይም። ሐውልቱ ደግሞ የተወሰደውን ያሳያል፤ የተገባውን ቃል ግን አያሳይም።

ለእኔ ትልቁ ነገር ያ ቃል ነው። «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ የሚተርት አማርኛ ተናጋሪ፣ በእርቅ ስም ተጠርቶ ስለ ተቆረጠ ሰው ሲነገረው በምን አንጀቱ «አይመለከተኝም» ይላል? የአርሲም ልጅ ቢሆን የአያቱን በደል ዛሬ አብሮት በሚማረው ልጅ ላይ መቁጠር አይገባውም።

ስለዚህ ክረምት አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት እንጠይቅ። ማን ጠራ? በምን ቋንቋ ተማለ? ማን መሰከረ? የሚነግሩንንም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጻፈው። ሐውልቱ የትም አይሄድም፤ ሽማግሎቹ ግን እያለፉ ነው።